ሸርጣን በእጅ፦ የሃክስሊን «ክሬይፊሽ» ከቀጨኔ ማንበብ

ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንደን ላይ ያሳተመው «ክሬይፊሽ፦ የእንስሳት ጥናት መግቢያ» ከአንባቢው አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል። መጽሐፉን የከፈተ ሰው እንስሳውን በእጁ ይዞ፣ የተጻፈውን ከሚያየው ጋር እያመሳከረ እንዲሄድ ይፈልጋል። እንዲህ አድርጎ እስከ መጨረሻው የተጓዘ ሰው በዘመኑ ሊቃውንትን ከሚያከራክሩት ታላላቅ ጥያቄዎች ሁሉ ጋር ፊት ለፊት እንደሚገናኝ በመቅድሙ ቃል ይገባል። ከ140 ዓመት በላይ አልፎም መጽሐፉ የሚነበበው ይህን ቃሉን ስለጠበቀ ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባው ቀጨኔ ሰፈር ሆኖ ለሚያነበው ሰው ግን ነገሩ ገና ከመነሻው ይቸግራል። ክሬይፊሽ በኢትዮጵያ የለም። በአፍሪካ ዋና ምድር በየትኛውም ወንዝ በተፈጥሮ አልተገኘም፤ በእኛ በኩል ካለው ዓለም የራሷ ክሬይፊሽ ያላት ማዳጋስካር ናት። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ የሚገኘው ቀይ ክሬይፊሽ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰው አምጥቶ የጨመረው። እንግዲህ «በእጅህ ያዝ» የተባለውን የማይዝ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ምን ያድርገው? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ሃክስሊን በታማኝነት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የሃክስሊን እንስሳ ትቶ የራሱን መያዝ አለበት። የእኛው ሩቅ አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ ጅረቶች ድንጋይ ሥር፣ በሸክላማ ዳርቻ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖረው የወንዝ ሸርጣን ነው።

ክሬይፊሽን አይቶ ለማያውቅ እንዲህ ልግለጸው። ጣፋጭ (ጨው አልባ) ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ሰውነቱ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ እንስሳ ነው። ከፊት ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫዎች፣ ከኋላቸው አራት ጥንድ መራመጃ እግሮች፣ ከዚያ አንጓ አንጓ የሆነ ረጅም ጭራ አለው፤ የጭራው ጫፍ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ሲደነግጥ ጭራውን ወደ ሆዱ አጥፎ በአንድ ምት ወደ ኋላ ይወረወራል። ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ሎብስተር የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

ሃክስሊ (1825–1895) በትምህርት ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው የዳርዊንን ሐሳብ በአደባባይ ስለተሟገተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1871 ለሳይንስ መምህራን በከፈተው የክረምት ኮርስ መምህራኑ ራሳቸው ቢላዋና ማጉያ መነጽር ይዘው እንስሳትን እየከፈቱ እንዲማሩ አደረገ። በዚያን ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር። በ1875 ከረዳቱ ከማርቲን ጋር ያሳተመው የቤተ ሙከራ መመሪያም ተማሪው የሚከፍታቸውን ጥቂት ዕፅዋትና እንስሳት መርጦ ይሰጣል፤ ክሬይፊሽ ከእነዚያ አንዱ ነው። «ክሬይፊሽ» የተሰኘው መጽሐፍ የዚያ ማስተማር ፍሬ ነው። ብዙ እንስሳትን በየስማቸው ዘርዝሮ ከማለፍ አንዱን እስከ መጨረሻው ማወቅ ይሻላል የሚል ሙግት ነው፤ ስድስት ምዕራፍና 82 ሥዕል ያለው ሙግት።

ምዕራፎቹ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ከሚያውቀው ይነሣል። እንስሳው የት ይኖራል? ምን ይበላል? በብርድ ወራት ወዴት ይገባል? ለገበያ እንዴት ይቀርባል? ፓሪስ ብቻ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ክሬይፊሽ እንደምትበላ ይነግረናል። ሳይንስ ከተራው ሰው ዕውቀት የተለየ ምሥጢር አለመሆኑን፣ ያው የዘወትር አስተውሎት ሲጠራና ሲጠነክር የሚገኝ መሆኑን የሚያስረዳው እዚህ ላይ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ከመጽሐፉ ሁሉ ቀድሞ ቢተረጎም የምመኘው ይህን ክፍል ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመጽሐፉ ልብ ነው። እዚህ ሃክስሊ ምግብ ከአፍ ገብቶ ሰውነት እስኪሆን፣ ትርፉም እስኪወጣ ድረስ ያለውን መንገድ ይከተላል። የክሬይፊሽ አፍ በብዙ ጥንድ መንጋጋ መሳይ እጆች የተከበበ ነው። እነሱ ምግቡን ይይዛሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። እውነተኛው መፍጨት ግን የሚከናወነው ጨጓራ ውስጥ ነው። በጨጓራው ግድግዳ ላይ ሦስት ጠንካራ ጥርሶች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ። ጡንቻዎች ከውጭ ሲጎትቷቸው ሦስቱ መሐል ላይ ይገናኙና በመካከላቸው የገባውን ይፈጫሉ፤ ጨጓራው በሆድ ውስጥ የተተከለ ወፍጮ ነው ማለት ይቻላል። ከወፍጮው ቀጥሎ ፀጉራም ማጣሪያ አለ፤ ያልደቀቀው ወደፊት አያልፍም። ሃክስሊ የትኛው ጡንቻ የትኛውን ጥርስ እንደሚጎትት ያሳየበት ሥዕልና ጽሑፍ፣ ተማሪ ባዶ ጨጓራ በጣቱ ቆንጥጦ ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ እንዲያይ የሚያስችል ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሁሉ በእጁ ያረጋገጠው ይሆናል።

ቅርፊት መጣሉን የገለጸበት ቦታም ሊታለፍ አይገባም። ጠንካራ ቅርፊት ከለበሰው ጋር አያድግም፤ ስለዚህ እንስሳው እየቆየ ቅርፊቱን ሰንጥቆ መውጣት አለበት። የሚወጣው ከውጪው ልብስ ብቻ አይደለም። የጨጓራው ውስጠኛ ሽፋን ከነጥርሶቹ አብሮ ይወልቃል፤ የዓይኑ ሽፋን፣ የስንጥቦቹ ሽፋን ሳይቀር ይወልቃል። ከዚያ ለቀናት ለስላሳና መከላከያ የሌለው ሆኖ ይደበቃል፤ ውሃ ጠጥቶ ሰውነቱን ይነፋል፤ አዲሱ ቅርፊት በዚያ ስፋት ይጠነክራል። ክሬይፊሽ ቅርፊቱን ከመጣሉ በፊት ከኖራው ጥቂቱን በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ በሁለት ክብ ድንጋዮች መልክ ያከማቻል፤ በኋላ ለአዲሱ ቅርፊት ያውለዋል። እነዚያን ድንጋዮች የጥንት አውሮፓውያን መድኃኒት ቀማሚዎች በውድ ይሸጧቸው ነበር።

ስለ መተንፈስ የጻፈው ከዚህ አያንስም። ስንጥቦቹ በደረቱ ግራና ቀኝ፣ ከቅርፊቱ ክንብንብ ሥር ተደብቀዋል፤ ሃክስሊ በእያንዳንዱ ጎን 18 ሙሉ ስንጥቦችን ይቆጥራል። ክፍሉ በግርድፉ ሲታይ የሰውነት ውስጥ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ የሚመላለስበት የውጭ ቦታ ነው። ውሃው የሚንቀሳቀሰው ከአፍ አጠገብ ያለች አንዲት ቀጭን ቅጠል መሳይ መቅዘፊያ ያለ ዕረፍት ስለምትቀዝፍ ነው። መቅዘፊያዋ ከቆመች እንስሳው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ልቡ ከጀርባው ሥር ነው። ደሙ በሥር ውስጥ ብቻ ታስሮ አይዞርም፤ ከሥሮቹ ወጥቶ በአካላቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይፈስና ስንጥቦቹን አልፎ፣ በልቡ ግድግዳ ላይ ባሉ ስድስት ቀዳዳዎች ተመልሶ ይገባል። ኦክስጅን የሚሸከመው ደማችን ውስጥ እንዳለው ብረት አይደለም፤ መዳብ ነው። ስለዚህ ኦክስጅን ሲያገኝ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። ኩላሊቱ ደግሞ ራሱ ውስጥ፣ በትልቁ አንቴና ሥር ነው፤ ሽንት የሚወጣው ከዓይን በታች ባለች ቀዳዳ ነው። ለተማሪ ይህ ሁሉ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። ልብ በደረት ፊት፣ ኩላሊት በወገብ፣ ነርቭ በጀርባ መሆኑ የሕይወት ሕግ አለመሆኑን ያያል። ሦስተኛው ምዕራፍ እንደሚያሳየው የክሬይፊሽ ዋና የነርቭ ገመድ የሚሄደው በሆዱ በኩል ነው፤ አንጎሉ ከጉሮሮው በላይ ሆኖ ጉሮሮውን በቀለበት ያቅፍና ከሥር ካለው ገመድ ጋር ይያያዛል።

አራተኛው ምዕራፍ ከባድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ከመካከሉ ቢዘልለው አልወቅሰውም። የእያንዳንዱ እግር አንጓ በስሙ ይዘረዘራል፣ ገጹ በአንጓ ይሞላል። ነገር ግን ከዝርዝሩ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ እጅግ ውብ ነው። አንቴናው፣ መንጋጋው፣ መቆንጠጫው፣ መራመጃ እግሩ፣ በጭራው ሥር ያሉት መዋኛዎች፣ በጭራው ጫፍ ያለው ማራገቢያ፣ ሁሉም የአንድ ዕቅድ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። ከጭራው ሥር ካለው ቀላሉ መዋኛ ተነሥቶ ወደ ፊት አንድ በአንድ የፈታቸው ሰው፣ ያው መሠረታዊ ቅርጽ አንዴ ሲረዝም፣ አንዴ ሲያጥር፣ አንዴ ሲደነድን ያያል። ሃክስሊ የተጣመሩትን አካላት 20 ጥንድ ያደርጋቸዋል፤ ዓይን የተሸከመውን ግንድ እንደ አንዱ ስለሚቆጥር ነው። ኋለኞቹ ሊቃውንት በአብዛኛው የዓይኑን ግንድ ከእግር ወገን አይቆጥሩትም፤ 19 ይላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም መምህር ሊያውቀው ይገባል፤ ተማሪ ቆጥሮ 19 ቢያገኝ አልተሳሳተም።

ከዚህ የበለጡ ጉድለቶችም አሉ። በትንሹ አንቴና ሥር አሸዋ የያዘች ከረጢት አለች፤ ሃክስሊ የመስሚያ አካል አድርጎ ነው ያቀረባት። የዘመኑ አስተሳሰብ ይህ ነበር። ኦስትሪያዊው አሎይስ ክራይድል እ.ኤ.አ. በ1893 ያሳተመው ሙከራ ግን ነገሩን ለወጠው። ሽሪምፕ ቅርፊቱን ሲጥል በከረጢቷ ውስጥ የነበረውን አሸዋም ይጥላል፤ ስለዚህ አዲስ አሸዋ ይጨምራል። ክራይድል በአሸዋው ፈንታ የብረት ብናኝ ሰጠው። ከዚያ ማግኔት ሲያቀርብለት እንስሳው ሚዛኑን እንደ ማግኔቱ አቅጣጫ አስተካከለ። ከረጢቷ «ታች የት ነው?» የሚለውን የምትነግረው የሚዛን አካል ናት። ይህ ሙከራ በሃክስሊ መጽሐፍ ውስጥ ባለመኖሩ አዝናለሁ፤ የእርሱን የአጻጻፍ መንፈስ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ሙከራ የለምና።

ሁለተኛው ጉድለት ጥልቅ ነው። ሃክስሊ እንስሳውን በተደጋጋሚ እንደ ሕያው ሞተር ያየዋል፤ ነዳጅ ይገባል፣ ሥራ ይወጣል። አቀራረቡ ለግልጽነት ጠቅሞታል፤ ሆኖም አካላቱ እርስ በርሳቸው በደም በኩል የሚላላኩበትን ሥርዓት ለማየት ቦታ አይተውለትም። እ.ኤ.አ. በ1905 ቻርለስ ዜሌኒ የዓይን ግንዱ የተወገደበት እንስሳ ቅርፊቱን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ እንደሚጥል አሳየ። ኋላ እንደታወቀው በዓይኑ ግንድ ውስጥ ቅርፊት መጣልን የሚያግድ፣ የቆዳን ቀለም የሚለውጥ ሆርሞን የሚያመነጩ ሕዋሳትና የሚያከማች ዕጢ አሉ። ሃክስሊ ስለ ዓይን ብዙ ጻፈ፤ ዓይኑ የተቀመጠበት ግንድ የእንስሳውን ዕድገት እንደሚገዛ ሊያውቅ ግን አይችልም ነበር፤ «ሆርሞን» የሚለው ስያሜ ራሱ የወጣው በዚያው በ1905 ነው። ስለ ነርቭም ያለው እንዲሁ አርጅቷል። እርሱ በጥንቃቄ የገለጸው የጭራ ምት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የነርቭ ሳይንስ ትልቅ በር ሆነ። ፈርሽፓንና ፖተር እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት የነርቭ ሕዋሳት ያለ ኬሚካል መልእክተኛ፣ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሊነጋገሩ እንደሚችሉ ያረጋገጡት በዚያው የክሬይፊሽ ነርቭ ላይ ነው።

ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚነካን ስድስተኛው ምዕራፍ ነው። ሃክስሊ ክሬይፊሽ በዓለም ላይ የት እንዳለና የት እንደሌለ ካርታ ያወጣል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አንድ ወገን፣ በደቡቡ ሌላ ወገን ያገኛል፤ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቀበቶ ይዘረጋል። አፍሪካ በዚያ ባዶ ውስጥ ትወድቃለች። ባዶው ግን ባዶ አይደለም፤ በዚያ ያሉትን ወንዞች የወንዝ ሸርጣኖችና ትላልቅ ሽሪምፖች ይዘዋቸዋል፤ ሃክስሊም ይህን አይቷል፤ ምናልባትም ክሬይፊሽን ተወዳድረው ያገዱት እነርሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስባል። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻቸው ከባሕር ወደ ወንዝ የገቡ ናቸው የሚለው ግምቱ ግን አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2000 በኪት ክራንዳልና በባልደረቦቹ የታተመው የዲኤንኤ ጥናት የዓለም ክሬይፊሾች ሁሉ ከአንድ የጣፋጭ ውሃ ግንድ መውጣታቸውን ደግፏል። ጥያቄው የእርሱ ነው፤ መልሱ ተለውጧል። በእኔ ዕይታ ይህ መጽሐፉን አያሳንሰውም።

ይህን ምዕራፍ ከቀጨኔ ላይ ሆኖ ማንበብ ለየት ይላል። ከላያችን ያለው የእንጦጦ ተራራ ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ ገጹ የወረደው ዝናብ በቀጨኔና በቀበና ሸለቆዎች በኩል ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በሰሜን ገጹ በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ከዓባይ ወደ ሜድትራኒያን። በአንድ ጀርባ ላይ የሚጀምሩ ሁለት ጅረቶች፣ መዳረሻቸው ሁለት ዓለም። ጣፋጭ ውሃ ውስጥ የተወለደ፣ ባሕርን የማይሻገር እንስሳ በእንዲህ ያለ ቦታ እንዴት ይከፋፈላል? በአንዱ ገጽ ያለው ከሌላኛው ይለያል? ሃክስሊ በአውሮፓ ወንዞች ላይ ያነሣው ጥያቄ በእኛ ራስጌ ላይ ቆሞ አለ።

የኢትዮጵያ የወንዝ ሸርጣኖች በአብዛኛው ፖታሞናውቴስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ከወገኑ አባላት አንዱን ኦዱዋን እ.ኤ.አ. በ1826፣ ሌላውን ሚልን ኤድዋርድስ በ1837 ሰይመዋቸዋል፤ ሁለቱም ከግብፅ ዓባይ ከተወሰዱ ናሙናዎች። ጥናቱ ገና አላለቀም። በብዙ ኢትዮጵያዊ ዘንድ ሸርጣን የሚታወቀው ከእንስሳነቱ ይልቅ በኮከብነቱ ነው፤ «ኮከቡ ሸርጣን ነው» የሚባልለት ሰው ብዙ ነው፣ አንዱን ገልብጦ ሆዱን ያየ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት አትብሉ የሚለውን የኦሪት ሕግ የሚጠብቅ ሕዝብ ሸርጣንን ወደ ማዕድ ቤቱ አያስገባም፤ ማዕድ ቤት ያልገባ ፍጥረት ደግሞ አይከፈትም፣ ውስጡም አይታወቅም። የፓሪስ ቤቶች ክሬይፊሽን በየዓመቱ በሚሊዮን ስለሚበሉ ሃክስሊ ከአንባቢው ጋር የጋራ መነሻ ነበረው። እኛ ግን ዕውቀቱን በሌላ በር ማስገባት አለብን።

በሩ ሃክስሊ ራሱ ውስጥ አለ። በአምስተኛው ምዕራፍ ክሬይፊሽን ከዘመዶቹ ጋር ሲያነጻጽር እስከ ሸርጣን ይደርሳል፤ ሸርጣን የተሠራው በዚያው ዕቅድ መሆኑን ያሳያል። ሸርጣኑን በጀርባው ገልብጡት፤ ከሆዱ ሥር የታጠፈ ቀጭን ምላስ መሳይ ነገር አለ። ያ ጭራው ነው። በወንዱ ጠባብና ሹል፣ በሴቷ ሰፊና ክብ ነው፤ ፆታን ለመለየት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የወፍጮ ጨጓራው፣ ከጀርባ ያለው ልብ፣ ከአንቴና ሥር ያለው ኩላሊት፣ የመዳብ ደሙ፣ የምትቀዝፈው ቅጠል፣ ሁሉም አሉ። ልዩነቱም ራሱ ትምህርት ነው። ክሬይፊሽ ውስጥ ረጅም የነበረው የሆድ የነርቭ ገመድ በሸርጣን ወደ አንድ ወፍራም ቋጠሮ ተሰብስቧል፤ የሚመታ ጭራ ከሌለ ለጭራ የሚዘረጋ ገመድም አያስፈልግም። ስንጥቦቹ እርጥብ እስከሆኑ ድረስ ሸርጣን ከውሃ ውጭ መተንፈስ ይችላል፤ ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ከጅረቱ ርቆ ሣር ውስጥ ብታገኙት አትገረሙ።

ልጅ አስተዳደጉ በተለይ ያስደንቃል። የባሕር ሸርጣን እንቁላል ሲፈለፈል ከእናቱ የማይመሳሰል፣ በውሃ የሚንሳፈፍ እጭ ይወጣል። የወንዝ ሸርጣን ግን እንዲህ ቢያደርግ ጎርፉ ልጆቹን ይወስዳቸው ነበር። ስለዚህ እንቁላሏ ጥቂትና ትልልቅ ነው፤ የሚፈለፈለውም ሙሉ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሸርጣን ነው፤ በእናቱ ሰፊ ጭራ ሥር ታቅፎ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሃክስሊ ስለ ክሬይፊሽ ግልገሎች፣ እንዴት በእናታቸው መዋኛዎች ላይ ተንጠልጥለው እንደሚሰነብቱ የጻፈው ክፍል ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ፣ ሁለት ሩቅ ዘመዶች ለአንድ ወንዝ ችግር ያገኙትን ተመሳሳይ መፍትሔ ያሳያል።

ሃክስሊ ሊጽፈው የማይችል የኢትዮጵያ ምዕራፍም አለ። ኦንኮሰርካይሲስ የሚባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይን የሚያጠፋ በሽታ የሚያስተላልፉት ጥቁር ዝንቦች ናቸው፤ እጮቻቸው በሚፈስ ውሃ ውስጥ ያድጋሉ። ከእነዚህ ዝንቦች የአንዱ ወገን እጭ በየትኛውም ድንጋይ ላይ ሲፈለግ ለዓመታት አልተገኘም። ቫን ሶመረንና ማክማሆን እ.ኤ.አ. በ1950 ኬንያ ውስጥ በወንዝ ሸርጣን ቅርፊት ላይ ተጣብቆ አገኙት። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም በአገራችን ስም የተሰየመው ዝንብ፣ ሲሙሊየም ኢትዮፒየንሰ፣ እንዲሁ በሸርጣን ላይ ያድጋል። ሸርጣኑ ቅርፊቱን ሲጥል እጮቹ ምን ይሆናሉ? የስንጥብ ክፍሉ ውሃ የሚገባበት ቦታ ለምን ይስማማቸዋል? እነዚህ የአካል ጥናት ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ደግሞ ከሰው ዓይን ጋር የተያያዘ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ጊኒ ዎርምን ለማጥፋት የሚደረገው ረጅም ትግልም ከሸርጣን ሰፊ ወገን ጋር የተያያዘ ነው። የትሉን እጭ ወደ ሰው የሚያሻግሩት በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ኮፔፖዶች የሸርጣን ሩቅ ዘመዶች ናቸው። ውሃን በጨርቅ አጥልሎ መጠጣት ሕይወት የሚያድነው ኮፔፖዱ በጨርቁ ቀዳዳ ስለማያልፍ ነው።

የቀረው አስቸጋሪው ነገር የውሃው ሁኔታ ነው። ቀጨኔ ወንዝ በሰፈሩ መካከል ሲያልፍ የሚሸከመውን ሁሉም ያያል፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ልጅ እጁን ይክተት ብዬ ልጽፍ አልችልም። በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ብክለቱ በጠናበት ቦታ በዓይን የሚታዩት የውሃ እንስሳት እየጠፉ ስለሚሄዱ፣ የውሃውን ጤና ለመለካት ዲያቶም የሚባሉት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ይበልጥ የሚጠቅሙ መሆናቸውን አሳይቷል። እንስሳው በሌለበት ወንዝ ላይ የሃክስሊ መጽሐፍ አንድም ገጽ አይሠራም። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ሃክስሊ የእንግሊዝ ተማሪዎች በእጃቸው እንዲይዙት የፈለገው ነጭ ጥፍር ያለው ክሬይፊሽ ዛሬ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከአሜሪካ የመጡ ክሬይፊሾች ይዘውት የገቡት የሻጋታ ዓይነት ወረርሽኝ ፈጅቶታል፤ ያለ ፈቃድ መንካቱም በሕግ ተከልክሏል። የመጽሐፉ መነሻ፣ ማለትም ማንም ተማሪ በእጁ የሚያገኘው ተራ እንስሳ፣ በተጻፈበት አገርም ብርቅ ሆኗል።

በቀጨኔ ሸክላ ሥራ ከእናት ለልጅ የሚተላለፈው በእጅ ነው። ጭቃው ሲለሰልስ፣ ሲደርቅ፣ ለእሳት ሲደርስ እጅ ያውቀዋል፤ ማንም በሥዕል አልተማረውም። ሃክስሊ ለሳይንስ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ለዚህ ሰፈር ባዕድ ነው ብዬ አላምንም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንስሳት አካል የተማርነው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየገለበጥን ነበር፤ ጨጓራ ውስጥ ጥርስ ሊኖር እንደሚችል የነገረን አልነበረም፤ ቢነገረንም ዳስሰን አናምንም ነበር።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢኖር ምክሬ እንዲህ ነው። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ይተርጉም፤ ስለ «መስሚያው» ከረጢት የክራይድልን ሙከራ በግርጌ ይጨምር። ከአራተኛው የእግሮቹን ተከታታይነት የሚያሳየውን ብቻ ይውሰድ፤ የአንጓ ስሞቹ ይቅሩ። ስድስተኛው እንዳለ ቆይቶ፣ ከጎኑ ስለ ኢትዮጵያ ተፋሰሶችና ስለ ሸርጣኖቻችን አዲስ ምዕራፍ ይጻፍ፤ አራት ኪሎ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። ሥዕሎቹም እንደገና ይሣሉ፤ በእያንዳንዱ የክሬይፊሽ ሥዕል አጠገብ የፖታሞናውቴስ ሥዕል ይቁም፤ ጭራው ከሆዱ ሥር ታጥፎ፣ ቅርፊቱ ተነሥቶ፣ ሁለቱ ረድፍ ስንጥቦች በግራና በቀኝ ሆነው። ለአንድ ክፍል የሚከፈት አንድ የሞተ ሸርጣን ይበቃል፤ በሕይወት የተያዘው ታይቶና ተቆጥሮ፣ ወደ ተነሣበት ድንጋይ ሥር ይመለሳል።